የኮምቦልቻ የባሕር ጃርቶች

ምን እየጠበቁ ነው?

ቢልቂስ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ይህንኑ ለራሷ ደገመችው። ከሌንሱ ሥር ባለችው የውሃ ጠብታ ውስጥ አንድ የባሕር ጃርት እጭ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስሙ ጃርት ይባል እንጂ ገና እሾህ አላበቀለም፤ እንደ መስታወት የጠራ፣ ቀጫጭን ክንዶቹን ወደ ላይ የዘረጋ፣ የተገለበጠ በርጩማ የሚመስል ፍጥረት ነው። በግራ ጎኑ ግን ሌላ ነገር አቅፏል። የሸሚዝ ቁልፍ የመሰለች ክብ ነገር ተጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ነገ ጃርት የምትሆነው እሷ ናት። አምስት ጥቃቅን እግሮቿ እዚያው እንደታጠፉ ይላወሳሉ።

እጩ ምንም አልጎደለውም። ወደ ታች ወርዶ ወለል ቢነካ፣ ክንዶቹን ጥሎ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አውጥቶ ሌላ እንስሳ ለመሆን ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም። አይወርድም። ትናንትም አልወረደም፣ ከትናንት ወዲያም። መደርደሪያው ላይ በተሰለፉት ብርጭቆዎች ውስጥ ያሉት ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው፤ ደርሰዋል፣ ግን ይዋኛሉ።

ክፍሉ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከደረቅ ወደቡ ብዙ ሳይርቅ፣ አባቷ ሐጂ ጀማሉዲን ዕድሜያቸውን ሙሉ የአፍዴራ ጨው ሲነግዱበት ከኖሩት መጋዘን በስተጀርባ ነው። ግድግዳው ጨው ጠጥቶ ልስኑ ረግፏል። በአንዱ ማዕዘን የተቀደዱ ጆንያዎች ተከምረዋል፤ በሌላው ማዕዘን እጮቹ የሚመገቡት ደቂቅ አልጌ በውሃ ፕላስቲኮች ውስጥ እንደ ደከመ ሻይ ቡናማ ሆኖ ይብላላል። አምና አባቷ ሲያርፉ ቢልቂስ ኖርዌይ ነበረች። ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው፣ መጣች፤ ሳትመለስ ቀረች። ለምን እንደቀረች ሰው ሲጠይቃት እንዳመቻት ትመልሳለች። አንዳንዴ «ለእናቴ» ትላለች፣ አንዳንዴ «ለሥራ» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ሁለቱንም አታምናቸውም።

አንድ የምታምነው ነገር አለ። ደሴ ስትማር የባዮሎጂ መምህራቸው የዚህን እጭ ሥዕል በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥለው፣ «እኔም አላየሁት፣ እናንተም አታዩት፤ ለፈተና ግን ይመጣል» ብለው ነበር። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዓመታት በኋላ ኖርዌይ ውስጥ እውነተኛውን ባየች ቀን ሥዕሉ ተገልብጦ ተሥሎ እንደነበር አወቀች። መምህሩ ያንን የተገለበጠ ሥዕል ጡረታ እስኪወጡ ሲሥሉት ኖሩ፤ እርማቱን የሚነግራቸው አልነበረም። ቢልቂስ የወሎ ተማሪ መጥቶ በገዛ ዓይኑ የሚያይበት አንድ ክፍል ትፈልጋለች። አንድ ክፍል ብቻ።

በሩ ተንኳኳና አጎቷ ሙሄዲን ገቡ። የአባቷ ታናሽ ናቸው፤ መጋዘኑን አሁን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬስ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ አጎቴ። ገና ናቸው።»

ሙሄዲን አንዱን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አቅንተው አዩት። «አቧራ ነው የሚታየኝ።»

«ይንቀሳቀሳል እኮ፣ ልብ ብለው ይዩት።»

«አቧራም ይንቀሳቀሳል።» ብርጭቆውን በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡት፤ ይህን ለማድረግ እጃቸው ፈጽሞ ግዴለሽ አልሆነም። «የሰው ልጅ ፈረንጅ አገር ተምራ ስትመጣ ባንክ ትገባለች፣ ሆስፒታል ትገባለች። የእኛዋ ጃርት ታረባለች። ቦሩ ሜዳ ላይ ገበሬው ድንቼን ጃርት ጨረሰብኝ እያለ ያለቅሳል፤ አንቺ ደግሞ ጃርት አነሰን ብለሽ ከጂቡቲ ታስጭኛለሽ።»

«ይሄኛው ድንች አይበላም።»

«እሱማ በምን አፉ።» ሙሄዲን ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ረጋ አለ። «ስሚ ልጄ። የወንድሜ የሙት ዓመት ሰደቃ ደርሷል። ከሰደቃው ማግስት ጨው ይገባል፤ ክፍሉ ያስፈልገኛል። የተነጋገርነው አልተለወጠም። እስከ ሰደቃው በዚህ በደከመ ዓይኔ የማየው እንስሳ ካሳየሽኝ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ጨዉን የትም አራግፈዋለሁ። ካላሳየሽኝ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ፤ እዚያ ባሕሩ ያለበት ሄደሽ ትሠሪያለሽ። አይደል?»

«ነው፣ አጎቴ።»

«አንቺንም ማባከን ነው፣ ክፍሉንም ማባከን ነው። አልሰደብኩሽም።»

«አልሰደቡኝም።»

ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። ኖርዌይ ያስተማሯት ፕሮፌሰር ማሪትም በትሕትና የጻፉላት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ «ውቅያኖስ በሌለበት ሙያሽ ይባክናል፤ ቦታሽን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልሻለሁ።» ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ በጨው መጋዘን አንዷ በውቅያኖስ ዳር፣ በአንድ ቃል ሲስማሙ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል።

እሷ ግን የመጀመሪያው ዙር ሲሞትባት አልተወችም፤ ሁለተኛው ሲሞትባትም አልተወችም። ይሄ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ በብርድ፣ ሁለተኞቹ በመብራት መጥፋት አለቁ። ሦስተኞቹ እዚህ ደርሰዋል። የመጋዘኑ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ ብርጭቆዎቹን በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ የባሕሩን ውሃ በድርብርብ ጨርቅ ታጠልላለች፤ የሞተውን እጭ በጠብታ መምጠጫ ታወጣለች። ከዚህ በላይ ንጹሕ ቤት በኮምቦልቻ የለም።

የዚያን ዕለት፣ ሙሄዲን ከወጡ በኋላ፣ ያጠበችውን ብርጭቆ ለማድረቅ ስትደፋ እጇ ቆመ።

ኖርዌይ ውስጥ ውሃው ከባሕሩ በቧንቧ ነበር የሚመጣው። ማንም አይነካውም። ገንዳው ሁሉ ግድግዳው ይዝለገለግ ነበር፤ ጣት ካስነኩት አረንጓዴና ቡናማ ነገር ይለቃል። እዚያ እጮቹ «አይወርዱም» የሚባል ችግር ኖሮባት አያውቅም። ምክንያቱን ጠይቃም አታውቅም። እጩ በውሃ መካከል ሲንሳፈፍ ኖሮ ድንገት «እዚህ መሬት አለ፣ እዚህ የሚበላ አለ» የሚለው ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚነግረውም ያ ዝልግልግ ነው። እሷ አጥልላ፣ አፍልታ፣ ፈትጋ አጥፍታዋለች። ልጆቿን መሬት የሌለበት ቤት ውስጥ አስቀምጣ ለምን አልተቀመጣችሁም ትላለች።

እርግጠኛ አልነበረችም። ግን ስልኩን አንስታ ሳዲቅ ጋ ደወለች።

ሳዲቅ የጂቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጎረቤት ሆነው አብረው አድገዋል። እናት ጃርቶቹን በበረዶ ሣጥን ያመጣላት እሱ ነው፤ የባሕሩን ውሃም በጀሪካን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ያኔም ጂቡቲ ነበር።

«ሳዲቅ፣ ድንጋይ እፈልጋለሁ።»

«ድንጋይ።»

«ከባሕሩ ውስጥ። ጃርቶቹን ካመጣህበት ቦታ። የሚያሙለጨልጭ፣ አረንጓዴ የለበሰ። እንዳታጥበው።»

ሳዲቅ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። «ቢሉ፣ ሰው ከጂቡቲ ሽቶ ያስመጣል።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሳቢውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ በባሕር ውሃ የተሞላ ሣጥን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ረጅምና ቀጭን ነው፤ የሎጊያ ፀሐይ በመስኮት የሚያወጣውን ክንዱን ብቻ አጥቁሮታል።

«ይኸው። ጋላፊ ጠረፍ ላይ ፈታሹ ሣጥኑን ከፍቶ አየና፣ ‹ድንጋይ በወሎ ጠፍቶ ነው?› አለኝ። ‹ለአንዲት የተማረች እህቴ ነው› አልኩት። ‹ምን ያህል ተማረች?› አለኝ። ‹ድንጋይ እስክታስመጣ› አልኩት። አዝኖ አሳለፈኝ።»

ቢልቂስ ክዳኑን ከፈተች። ድንጋዮቹ ጥቁር አረንጓዴ ለብሰዋል፤ ሲነኩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። የባሕር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ለአፍታ ያህል ዓይኗን ጨፈነች።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ሳዲቅ።»

«አሚን። አሁን ወደ አዲስ አበባ ነኝ፤ ከዚያ ወረፋ አለ። ቶሎ አታገኚኝም። ሌላ ኮብልስቶን ካማረሽ ዛሬውኑ ንገሪኝ።»

ድንጋዮቹን ወዲያው ለእጮቹ አልሰጠቻቸውም። የአፋር ሙቀት ከላያቸው ላይ የሞተ ነገር ጥሏል፤ ውሃቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሮ የሞተው መለቀቅ አለበት፤ አለዚያ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል። ግቢው ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ በሰፊ ሳፋ የባሕር ውሃ አድርጋ ዘፈዘፈቻቸውና በማግስቱ ልታነሳቸው ወሰነች።

በማግስቱ ግን ኮምቦልቻ መብራት አልነበረም። የውሃ ማሞቂያው ጠፋ፤ አየር የሚነፋው ሞተርም ዝም አለ። ደሴ ቤታቸው የተሞላ ባትሪ አለ። ቢልቂስ መጋዘኑን ለዘበኛው አደራ ብላ በሚኒባስ ተሳፈረች። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር፤ ከላይ የሚወርዱት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው አንድ በአንድ ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ። ከእነዚያ በአንዱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ፣ እናቷ ሸፊቃ ተቀምጠው ነበር። ተላለፉ፤ አልተያዩም።

ቤት ደርሳ በሩ ተቆልፎ ስታገኘው ጎረቤት ጠየቀች። «እናትሽማ ለሰደቃው መጋዘኑን ላጸዳ ብላ ወርዳለች። ሼሆቹ የሚቀመጡበት ግቢ ይሸታል ብላ ስትናደድ አደረች» አሏት።

ቢልቂስ ቁልፏን አውጥታ ባትሪውን አነሳች። ስትወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አሳቧ ሳፋው ላይ ነበር።

ግቢው ታጥቧል። ሲሚንቶው ያበራል። ሸፊቃ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ሻርፓቸውን አስረው፣ ከቧንቧው ሥር ቆመዋል። ከአጠገባቸው በንጹሕ ማዳበሪያ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋዮቹ ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ ነጭ ሆነው ወጥተዋል፤ ነጭ መሆናቸውን ቢልቂስ እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

«መጣሽ? ምን የመሰለ ድንጋይ ነው እናንተ!» አሉ ሸፊቃ በደስታ። «በዚያ ሁሉ ቆሻሻ ተሸፍኖ። ኦሞ አልበቃው አለኝ፣ በረኪና ጨመርኩበት። ይኸው እንደ ዕንቁ።»

ቢልቂስ አንዱን ድንጋይ አነሳች። አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ አሸተተችው። በረኪና።

«እማ።»

«አቤት።»

«ቆሻሻው ነበር የሚፈለገው።»

ሸፊቃ ልጃቸውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ። «የትኛው ቆሻሻ?»

«አረንጓዴው። እሱ ነው ከጂቡቲ የመጣው። ድንጋዩማ ድንጋይ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ቆሻሻ ፍለጋ?» አሉ ሸፊቃ። ግን ድምፃቸው ከጀመረበት ዝቅ ብሎ ጨረሰ፤ የልጃቸው ፊት አልጠፋቸውም። «እኔ ምን አውቄ። ለአባትሽ ሰደቃ የሚቀመጠው ሰው ውዱእ አድርጎ ነው የሚገባው፤ ግቢው ነጃሳ አይሁን ብዬ ነው። ድንጋይ አጠብኩ እንጂ ሰው አልበደልኩም።»

«አልበደልሽም፣ እማ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ታይኛለሽ?»

ቢልቂስ ባትሪውን ተሸክማ ገባች፤ ማሞቂያውን አገናኘች፤ ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳዲቅ ጋ ደወለች። ደብረ ሲና ደርሷል። ከሰደቃው በፊት የሚመለስበት መንገድ የለም። «አብሽሪ» አላት፤ «ስመለስ አንድ ተራራ አመጣልሻለሁ።» «ስትመለስ ክፍሉ አይኖርም» ብላ አልነገረችውም።

በማግስቱ ጠዋት ቦርከና ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ወንዙ ውስጥ ገባች፤ አረንጓዴ የለበሰ ጠጠር ለቅማ መጣች። እንደማይሆን ታውቅ ነበር፤ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነላትም። የወንዙ ዝልግልግ ጨዋማ ውሃ ሲነካው ሞቶ ግራጫ ሆነ፤ ውሃውን አደፈረሰው፤ ሁለት ብርጭቆ እጭም ገደለ። እነሱን ደፍታ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ስታጥብ በራሷ ሳቀች፤ ደግማ እየፈተገቻቸው ነበርና።

የቀሩት እጮች መጠበቅ ይችላሉ፤ ለዘለዓለም ግን አይደለም። ከመጠን በላይ የቆየ እጭ ክንዶቹ ያጥራሉ፣ ጥራቱ ይደበዝዛል፤ ያቀፈውን ይዞ ይሰምጣል። በማይክሮስኮፑ አንዳንዶቹ መደብዘዝ እንደጀመሩ አየች። ፕሮፌሰር ማሪት የጻፉላትን ከፍታ እንደገና አነበበችው። «እሺ» ብላ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ሁለት ፊደል ነው። ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልኩን ጆንያው ላይ ወርውራ፣ ለእጮቹ ምግባቸውን ሰጠቻቸው። ሰደቃው ገና አላለፈም።

የሰደቃው ዕለት ማለዳ ግቢው ሞቅ አለ። ወንዶቹ ድንኳን ይወጥራሉ፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ዛሬ ቀኑ ነውና ቧንቧው ሳይሄድ ለእንግዳው ውዱእ የሚሆን መያዝ አለበት። ሸፊቃ በመጋዘኑ ያለውን ጀሪካን ሁሉ አሰብስበው በቧንቧው ፊት አሰለፉ። ቢልቂስ ከክፍሏ ሆና ድምፃቸውን ትሰማለች።

«ይሄኛውን ማነው እንደዚህ ያደረገው? ውስጡ በቅሏል። ግማሽ ውሃ ተረስቶበት ስንት ወር ፀሐይ ላይ ቆይቶ ነው። እጄ ደግሞ በአፉ አይገባ ነገር።»

«ይጣል» አለች ሌላ ሴት።

«ደህና ጀሪካን ይጣላል እንዴ። ያቺን በረኪና አቀብይኝ፤ እሷ ሳትነካው የምትቀር ነገር የለም።»

ቢልቂስ ከመቼው እንደተነሳች አታውቅም። ስትወጣ እናቷ ቢጫውን ጀሪካን በአንድ እጃቸው አዘንብለው፣ የበረኪናውን ክዳን በጥርሳቸው እየፈቱ ነበር። ፀሐዩ በጀሪካኑ ጎን ያልፋል፤ ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ከታች እስከ ወገቡ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሳዲቅ መጀመሪያ ያመጣው ነው። የባሕሩን ውሃ ግማሹን ተጠቅማ ቀሪውን ከግቢው ጥግ የረሳችው።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ዕቃ የያዘ ሕፃን እንደሚያናግሩት። «እሱን አስቀምጪልኝ።»

ሸፊቃ ክዳኑን ከጥርሳቸው አወጡ። «ደግሞ ይሄም?»

«ይሄም። ውስጡ የበቀለው የባሕሩ አረንጓዴ ነው።»

ሸፊቃ በረኪናውን መሬት ላይ አኖሩት፤ ትንሽ ቆይተው በእግራቸው ራቅ አደረጉት። «ማነው ቢላ ያለው?» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «የሥጋው ቢላ ይሄን አይቀድም። መጋዝ አምጡላት።»

ጀሪካኑን በብረት መጋዝ ቀደዱት። እናቷ በሁለት እጃቸው ይዘውላት፣ እሷ እየገዘገዘች፣ ውስጡ ያለውን የባሕር ውሃ በሳፋ ተቀብለው። «ሰው ሲያየን ምን ይላል» አሉ ሸፊቃ፤ ጀሪካኑን ግን አጥብቀው ያዙ። ቢልቂስ የተቀደደውን ፕላስቲክ በራሱ ውሃ አለቅልቃ፣ መዳፍ በሚያክል ቁራጭ ከፋፍላ፣ አረንጓዴው ወደ ላይ እንዲሆን በየብርጭቆው ወለል ላይ አስቀመጠች። አንዱን ትንሽ ቁራጭ በሰሐን አድርጋ፣ ጥቂት እጮች ጨምራ፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር ከተተችው።

ውጭ ሼሆቹ መጡ። ሰላምታው ተሰማ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ተማሪዎቻቸው፣ ደረሶቹ፣ ቁርአኑን አንብበው ማኽተም ጀመሩ። ድምፃቸው በግድግዳው ውስጥ አልፎ ይደርሳታል። ሄዳ መቀመጥ ነበረባት፤ የአባቷ ሰደቃ ነው። እናቷ በበሩ ብቅ ብለው፣ «እዚያው ቆዪ፤ ቢጠይቁ ሥራ ላይ ነች እላለሁ» አሏትና ዘጉት።

አንዱ እጭ ወደ ታች ዘቀጠ። ፕላስቲኩን ነካና ተነሳ። እንደገና ወረደ። ነካ፤ ተነሳ። ቢልቂስ ስንት ጊዜ እንደነካ መቁጠሯን ተወች። አንድ ጊዜ ወርዶ ቀረ። በግራ ጎኑ ያለው ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከውስጡ አንድ ቀጭን እግር ወጣ፤ አረንጓዴውን ዳሰሰ፤ ያዘው። ሁለተኛው እግር ወጣ። ከዚያ የሆነው ሁሉ ለማየት የሚያሳሳ ነበር። የክንዶቹ ሥጋ ወደ ግንዱ ይሰበሰብ ጀመር፣ እጅጌ እንደሚሰበሰብ፤ ውስጣቸው የነበረው ቀጭን አጥንት እርቃኑን ቀርቶ እንደ ጭራሮ ተሰበረ። መስታወቱ ፍጥረት ወደ ራሱ እየፈረሰ ሳለ፣ ያቀፋት ቁልፍ ከሥሩ ተነሳች፤ እሾህ አወጣች። ሌላው ወረደ። ከጎኑ ሌላ። አብዛኞቹ ግን አሁንም ከላይ ይዋኛሉ።

ዱዓው ሲያልቅ፣ ሰው ለምሳ ሲነሳ፣ ሙሄዲን ገቡ። ቆባቸውን እንዳደረጉ ነው፤ ሽቶ ይሸታሉ። ሸፊቃ ከኋላቸው አሉ።

«ዘመዱ ሁሉ ልጅቷ የት አለች ይለኛል» አሉ ሙሄዲን።

«አጎቴ፣ መጀመሪያ በዓይንዎ ይዩት።» ከብርጭቆው ወለል ላይ ያለውን ፕላስቲክ በወረንጦ አውጥታ፣ በጥቂት ውሃ ነጭ ሰሐን ላይ አድርጋ፣ መስኮቱ ጋ ወሰደቻቸው።

ሙሄዲን መነጽራቸውን አደረጉ። አረንጓዴው ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ነጠብጣቦች አሉ። ብዙ አዩት። «ነጥብ ነው።»

«አይንኩት። ይጠብቁት።»

ጠበቁ። ግቢው ውስጥ ሰሐን ይንኳኳል። አንዷ ነጥብ ከነበረችበት ትንሽ ፈቀቅ አለች። ቆመች፤ እንደገና ፈቀቅ አለች። ሙሄዲን አጎንብሰው አፍንጫቸው ውሃውን ሊነካ ደረሰ።

«ትሄዳለች» አሉ።

«አሁን በዚህኛው ይዩ።» ማይክሮስኮፑ ጋ አስቀመጠቻቸው። ሙሄዲን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው አዩ። ዓይን ቀያይረው እንደገና አዩ። ከዚያ፦

«ወላሂ ጃርት ነው። እሾህ ያለው ጃርት።»

«አሁን ደግሞ አፍ የለውም» አለች ቢልቂስ። «ለጥቂት ቀናት። ከድሮ አካሉ የተረፈውን እየበላ ይቆያል፤ ከዚያ አፍ ያበጃል።»

«አፍ ሳያወጣ ሄደ እንዴ?» ሙሄዲን ቀና ብለው ሸፊቃን አዩ። «ሸፊቃ፣ ነይ እዪ። ያንቺ ቆሻሻ እግር አውጥቷል።»

ሸፊቃ አዩ። ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያዩት። «ሱብሐነላህ» አሉ፤ ቀጥለውም ልጃቸውን ሳያዩ፣ «ስንቶቹ ናቸው የቆሙት?»

«ጥቂት ናቸው፣ እማ። ብዙው አልወረደም።»

«ነገ ሌላ ጀሪካን ጥግ ላይ አስቀምጣለሁ። ማንም አይነካውም።»

ሙሄዲን ከወንበሩ ተነሱ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የመጋዘኑን ቁልፎች አወጡ። የኋላ ክፍሉን መለዋወጫ ቁልፍ ከቀለበቱ ለማውጣት ጥፍራቸው አልቻለም፤ ሸፊቃ ተቀብለው አወጡላቸው። «ጨዉን ፊት ለፊት እናራግፋለን» አሉ። «ተማሪ ካመጣሽ ግን ጆንያ ላይ እንዳይወጡ። አሁን ነይ፣ ብዪ። አባትሽ እንግዳ ሳትቀበል ቀረች እንዳይል።»

ቢልቂስ እንግዶቹን ተቀበለች፣ እጃቸውን ሳመች፣ በላች። አንድ ሽማግሌ «አሁንስ መቼ ነው የምትመለሺ?» ብለው ጠየቋት፤ «እዚህ ሥራ አለኝ» አለቻቸው፤ ይህን ስትል ልቧ እንደ ወትሮው አልተከራከራትም። ጥርጣሬው አልጠፋም፤ ዝም አለ እንጂ። አብዛኞቹ ለምን አልወረዱም? የፕላስቲኩ ነው? ሙቀቱ ነው? የቆዩ ስለሆኑ ነው? እንግዳው ተሸኝቶ ድንኳኑ ሲወርድ ክፍሏ ገብታ ስልኳን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ አስጠግታ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ጻፈች፦

«ፕሮፌሰር ማሪት፣ ፎቶው ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የተነሣ ነው። የቆሙበት የተረሳ ጀሪካን ቁራጭ ነው፤ ታሪኩን ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ። ጥቂቶቹ ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹ አልተቀመጡም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚቀጥለው ሥራዬ እሱን ማወቅ ነው። ስላቆዩልኝ ቦታ አመሰግናለሁ፤ ለሌላ ሰው ይስጡት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አፍ ሲያበጁ በመጀመሪያ ምን ባበላቸው ይሻላል?»

ላከችው። ፕሮፌሰሯ በደህናው ጊዜ ለመልስ ከአንድ ሰዓት በላይ አያስጠብቁም ነበር። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት በዚያው ቀን መጣ።

ጃርቶቹ አፍ ሲያበጁ ቢልቂስ የጀሪካኑን አረንጓዴ ትታላቸው ነበር፤ እሱን ጋጡት። የፎቶዎቹ ቁጥር በስልኳ ላይ በዛ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከደሴ ወርደው ጆንያ ላይ ወጡ፤ ተቆጣቻቸው። ለፕሮፌሰሯ የላከችው መልእክት ግን ከነጥያቄው እዚያው አለ፤ ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።